ቅዳሜ ገበያ ያሠራሁት የሕፃን አልጋ፦ ከቀብድ እስከ ርክክብ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕቃ ስገዛም ሳሠራም መጀመሪያ የማየው ውስጡን ነው። ቀሚስ ከሆነ ገልብጬ ስፌቱ የት እንደተቋጨ፣ ለማስፊያ ስንት ጣት እንደተተወለት፣ ክሩ ታስሮ ይሁን እንዲሁ ተቆርጦ አያለሁ። ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል። ይህንንም የሕፃን አልጋ የመረመርኩት እንደዚያው ነው፤ ስምንት ወር ሞልቶኝ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ በእጅ ባትሪ ከሥሩ እያበራሁ።

አልጋው አሁን ከእኔ አልጋ ጎን ቆሟል። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞቼ በመጋረጃው ክፍተት እያዩት “የት አሠራሽው? ስንት ፈጀብሽ? ይጠነክራል ወይ?” ይሉኛል። ከእነሱ ውስጥ እርጉዞች ብዙ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ስፌት አቁሜ የምነግራቸውን አንድ ጊዜ በወጉ ልጻፈው ብዬ ነው የተነሣሁት።

የሠሩልኝ እዚህ ጎንደር፣ በቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች በአንዱ ያሉ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አናጢ ናቸው። “ስሜን አትጻፊ፤ ያለነው እኔና አንድ ልጅ ነን፣ ሰው ቢበዛብን ቀጠሮ እናፈርሳለን” ስላሉኝ ስማቸውን ትቼ ጋሼ እላቸዋለሁ። የሚፈልጋቸው ሰው እኔ ዘንድ ቢመጣ መንገዱን አሳየዋለሁ። ስለ ቀጠሮም ወደ ታች የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ግን ለምን አልጋ አስፈለገኝ? የመጀመሪያ ልጄ አሁን 6 ዓመቷ ነው። እሷን አጠገቤ አስተኝቼ ነው ያሳደግኳት፤ እናቴም እኔን፣ አያቴም እናቴን እንደዚያው። ሰባት ወር ሲሆናት አንድ ሌሊት በአልጋዬና በግድግዳው መካከል ተንሸራታ ገባች። የቀሰቀሰኝ ለቅሶ አልነበረም፤ ጨርቅ ከግድግዳ ጋር ሲፋተግ የመሰለ ድምፅ ነው። መብራት የለም። በዳበሳ እግሯን አግኝቼ ሳወጣት ፊቷ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ማርያም ጠበቀችልኝ፤ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን እስኪነጋ ድረስ ጡቴ ላይ አድርጌያት ስንቀጠቀጥ አደርኩ፤ ሁለተኛ ልጅ ከተሰጠኝ የራሱ መኝታ ይኖረዋል ብዬም የወሰንኩት ያን ሌሊት ነው።

ፒያሳ ያሉትን ሱቆች ዞሬያለሁ። ከውጭ የመጡት አልጋዎች ለዓይን ያምራሉ፤ ያየኋቸው አብዛኞቹ ግን የቺፑድ ሥራ ናቸው። ቺፑድ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ብሎኑ አንዴ ከላላበት ዳግመኛ አይጨብጥም፤ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ውሃና ሽንት አይጠፋም። አንዱ አልጋ በዙሪያው የሚታሰር፣ በስፖንጅ የተሞላ መከለያ ነበረው። ስፌቱ የተዋጣለት ነው፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ነገር ግን የእርግዝና ክትትል የምታደርግልኝ አዋላጅ “ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ለስላሳ መከለያ ሕፃኑ አልጋ ውስጥ አይግባ፤ አፍንጫው እዚያ ላይ ቢደፋ ራሱን ማንሣት አይችልም” ብላኝ ነበር። 18,000 ብር ከፍዬ፣ ቤት ስደርስ ፈትቼ የምጥለውን ነገር አልገዛም አልኩ።

ኅዳር 15፣ የነቢያት ጾም በገባበት ዕለት፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው ከሲሚንቶ ከረጢት በተቀደደ ወረቀት ላይ ሣሉልኝ። የውስጥ ርዝመት 120 ሳንቲ ሜትር፣ ወርድ 60፤ ራስጌውና ግርጌው ድፍን ጣውላ፣ ሁለቱ ጎኖች ዘንግ። ፍራሹ የሚያርፍበት ርብራብ ሁለት ከፍታ ይኖረዋል፤ ሕፃኑ ጨቅላ ሳለ እኔ እንዳልጎነበስ ከፍ ይላል፣ መቀመጥ ሲጀምር ደግሞ ቡሎኑ ተፈትቶ ወደ ታች ይወርዳል። ዋጋ 11,500 ብር፣ ቀብድ 5,000፣ ጊዜው አንድ ወር። ተስማማን።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። ባሕር ዛፍ በርካሽ ይገኝ ነበር፤ “ለሕፃን አልሠራውም” ያሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ባሕር ዛፍ በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ስንጥር ያወጣል። ዋንዛ ለክብደቱ ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ ከደረቀ በኋላ ቅርፁን አይለቅም። ይሁን እንጂ ጥበቃ ከሚደረግላቸው የአገር ዛፎች አንዱ ስለሆነ እንደ ልብ የሚቆረጥ አይደለም። የእኔ አልጋ የወጣው ከፈረሰ ቤት ከተገዙ ሁለት አሮጌ መዝጊያዎች ነው። መዝጊያዎቹን አሳዩኝ። የውስጥ ፊታቸው በምድጃ ጢስ ጠቁሯል። ጋሼ አንዱን አጋድመው መላጊያውን አንድ ጊዜ ገፉበት፤ ከጥቁሩ ሥር የማር ቀለም ያለው እንጨት ብቅ አለ። “ይህ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ሊጣመም ቢፈልግ ኖሮ እስካሁን በተጣመመ” አሉኝ።

ቀለም ተቀብቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አሮጌ እንጨት የምታሠሩ ሁሉ ይህን እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ ሕፃን ደግሞ ጥርስ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚያኝከው የአልጋውን ጠርዝ ነው። የእኔዎቹ መዝጊያዎች ጢስ እንጂ ቀለም አላዩም።

ታኅሣሥ 8 ላይ ደወሉልኝ፤ “ነይና እዪው፣ ቆሟል” አሉ። ሄጄ ሳየው ደስታና ጭንቀት አንድ ላይ መጡብኝ።

በአራቱ ቋሚዎች ጫፍ ላይ አራት ጉልላቶች ነበሩ። ጋሼ የፋሲልን ግንብ አራት የማዕዘን ማማዎች አስመስለው፣ እንቁላል የመሰለውን ክዳናቸውን ሳይቀር በመሮ ቀርጸዋቸዋል። አንዱ ላይ ለጥፍሬ የማትበቃ መስኮት ሁሉ አለችበት። አላዘዝኳቸውም፣ አልከፈልኩባቸውም። “የጎንደር ልጅ መሆኑን ከአልጋው ይወቅ ብዬ ነው” አሉና ዝም ብለው ፊቴን ያዩ ጀመር።

ነጠላዬን አወረድኩ፤ ጫፉን በአንዱ ጉልላት ላይ ጣል አድርጌ ሳብኩት። ያዘው። ሌላውንም ሞከርኩ፤ ያዘው። ዕድሜዬን የኖርኩት ከጨርቅ ጋር ነው፤ ጨርቅ ጉብ ያለ ነገር ካገኘ ሳይንጠለጠል አያልፍም። “ጋሼ፣ ልጁ ቆሞ መንጠራራት ሲጀምር የልብሱ አንገትጌ እዚህ ላይ ቢያዝስ? እኔ ማጀት ብሆንስ?” አልኳቸው። አልመለሱልኝም። አንደኛውን ጉልላት በመዳፋቸው ጨብጠው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ መጋዙን አምጣ ብለው ረዳታቸውን ላኩት፤ አራቱንም በፊቴ ቆረጧቸው። እንዲያ የለፉበትን ነገር እንዲያ አድርጎ የሚቆርጥ ባለሙያ ብዙ አላየሁም። እኔ ራሴ የጨረስኩትን ጥልፍ ፍቺ ብባል ስንት ቀን እንደማኮርፍ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ነገር ዘንጎቹ ናቸው። ሜትሬን አወጣሁ። በአንዱ ጎን 9 ዘንጎች ቆመዋል፤ የእያንዳንዱ ስፋት 4 ሳንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት 8 ሳንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር። የሕፃን አልጋ ክፍተት ከ6 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። የሕፃን ገላ ከራሱ ይቀጥናል፤ ክፍተቱ ከሰፋ እግሩና ወገቡ ሾልኮ ይወጣና ራሱ ላይ ሲደርስ ይያዛል። ጋሼ ልኩን የወሰዱት ለራሳቸው ልጆች ከሠሩት የድሮ አልጋ ነው። “ሁለት ዘንግ ልጨምር?” አሉ። እኔ ደግሞ ይህን ስሌት ቁልፍ ስደረድር በየቀኑ እሠራዋለሁ። 120 ላይ 11 ዘንግ ብናቆም 44ቱን እንጨቱ ይወስዳል፤ የቀረው 76 ለ12 ክፍተት ሲካፈል 6 ሳንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ለጥቂት አለፈ። 12 ብናቆም ግን 72 ለ13 ሲካፈል አምስት ተኩል ግድም ነው። “12 ይሁን” አሉ።

ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም። ዘንጎቹ በሚስማር የተመቱ አይደሉም፤ ከላይና ከታች ባለው አግዳሚ ውስጥ በመሮ በተቦረቦረ ጉድጓድ ገብተው በኮላ የተያዙ ናቸው። የዘንጉ ቁጥር ሲለወጥ አራቱም አግዳሚዎች እንደ አዲስ መሠራት ነበረባቸው። ገንዘብ ጨምሪ አላሉኝም፤ እኔ በራሴ 600 ብር ጨመርኩ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ለዚህ ሁሉ ሥራ ሁለት ሳምንት ቢጨምሩ ቅር አይለኝም ነበር። ያስከፋኝ ዝምታው ነው። ታኅሣሥ 15 በቀጠሮዬ ስሄድ በሩ ተዘግቷል። ስልካቸው አይነሣም። በማግስቱም፣ ከዚያም ቀጥሎ ባለው ቀን አይነሣም። ያኔ እኔ ሆዴን ተሸክሜ የጥምቀት ልብስ እያደረስኩ ነው፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልበት አገር፣ ያውም ጎንደር ላይ፣ በዚያ ወር ልብስ ሰፊ የምታርፍበት ሰዓት የላትም። ከዚያ ላይ ቆርጬ ነው ሦስት ጊዜ የተመላለስኩት። የማላደርሰውን ልብስ ሳይመሽ ደውዬ “አላደርስም፣ ሌላ ፈልጊ” እላለሁ፤ ደንበኛዬም ታዝንብኝ ይሆናል እንጂ በር ላይ አትቆምም። ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ቀኑ የሚገፋ በዓል አይደለም። ኋላ ስንገናኝ መብራት ለቀናት ጠፍቶ ማሽኑም ስልኩም እንዳልሠራ ነገሩኝ። እውነት መሆኑን አውቃለሁ፤ እኛም ሰፈር ጠፍቶ ነበር። እንዲህም ሆኖ ረዳቱ ልጅ የአንድ ደቂቃ መልእክት ይዞ ቢመጣ ኖሮ ልቤ በዚያ መጠን አይሰቀልም ነበር። ይህን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ “ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ” ብለው ተቀብለውኛል።

ታኅሣሥ 26 እንደገና ጠሩኝ፤ ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት ልየው ብዬ አጥብቄ ጠይቄ ስለነበር። ይህን ቀን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ አልጋ ባታሠሩ እንኳ የተገዛ አልጋ ላይ ልታደርጉት ትችላላችሁና።

ከካፖርት ገበር የተረፈ፣ ሁለት ክንድ የሚሆን ስስ ጨርቅ ይዤ ሄድኩ። ገበር ሐር የመሰለ፣ ለትንሽ ነገር ክሩ የሚመዘዝ ጨርቅ ነው። በመዳፌ ላይ ጠቅልዬ እያንዳንዱን ዘንግ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያም በአራቱም ጎኑ አሸሁት። የመጀመሪያዎቹን ዘንጎች ጨርቁ እንደ ውሃ አለፈባቸው። ሰባተኛው ላይ ቀጥ አለ። ዓይኔን አስጠግቼ ባይ ምንም የለም፤ በጣቴ ብነካው ምንም የለም። ጨርቁን ቀስ አድርጌ ሳነሣው ግን አንድ ክር ተመዝዞ ቀርቷል። እዚያች ቦታ ላይ በጠመኔዬ ምልክት አደረግኩ። ረዳቱ ልጅ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ከኋላዬ እየተከተለ፣ መጀመሪያ በሻካራው ቀጥሎ በለስላሳው ይፈትገዋል። በጠቅላላው 7 ቦታ ተገኘ፤ 5ቱ ከታችኛው አግዳሚ ሥር ናቸው። “እትዬ፣ ይህ እኮ አይታይም” አለኝ ልጁ። “የሕፃን እጅ የሚሄደው እኛ ከማናይበት ነው” አልኩት። ጋሼ መላጊያቸውን አስቀምጠው ቆመው ያዩኝ ነበር። ስጨርስ እጃቸውን ዘርግተው “ይህን ጨርቅ ተዪልኝ” አሉ።

በዚያው ዕለት ነው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከሥሩ ያየሁት። የርብራቡ ጠርዞች ማንም በማያያቸው በኩል እንኳ ተሞርደው ክብ ሆነዋል። የቡሎኖቹ ራስ እንጨቱ ውስጥ ሰምጦ በላዩ የዋንዛ ውታፍ ገብቶበታል፤ ልብስም ጣትም የሚይዝ ነገር የለም። ገልብጬ ያየሁት ልብስ ውስጡ እንደ ፊቱ ንጹሕ ሆኖ ስናገኘው “ይህን የሰፋችው እጇ ይባረክ” እንላለን። ያኔ ያልኩት እሱኑ ነው።

ጎማ ግን ነበረው፤ አስወለቅኩት። ከአራቱ ሁለቱ መቆለፊያ አልነበራቸውም፤ የቤቴ ወለል ሊሾ ስለሆነ በትንሽ ግፊት ይንሸራተታል። የ6 ዓመት እህት ያለበት ቤት ውስጥ ጎማ ያለው የሕፃን አልጋ አላስቀምጥም።

ቫርኒሹ ከተቀባ በኋላ ጥር 6 ላይ፣ ከተራ ሳይደርስና መንገዱ በሰው ሳይሞላ፣ ሁለት ወጣቶች በትከሻቸው ተሸክመው አመጡት። ባጃጅ አልቻለውም። በመንገድ ያገኙን እናቶች ሁሉ ሆዴንና አልጋውን አይተው “ማርያም በሽልም ታውጣሽ” እያሉ አለፉ፤ እኔም “አሜን” እያልኩ ከኋላ ተከተልኩ።

የቫርኒሽ ሽታ ነገር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። የራሳችን አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል፤ ስለዚህ በጨርቅ ነው የፈተንኩት። ንጹሕ አቡጀዲ አጥቤ በፀሐይ አደረቅኩና ማታ አልጋውን አለበስኩት። ጠዋት አቡጀዲውን ይዤ ወደ ግቢ ወጣሁና ፊቴን ቀበርኩበት፤ ሸተተኝ። አልጋውን በረንዳ ላይ አውጥቼ ቀን ቀን አየር እንዲያገኝ አደረግኩ። ጥር ጎንደር ላይ ዝናብ የለም፤ ቀኑ ደረቅ ነው፤ ለዚህ ሥራ የተሠራ ወር ይመስላል። በየሦስት ቀኑ ፈተናውን ደገምኩት። አቡጀዲው የፀሐይ ሽታ ብቻ ይዞ የተነሣው ጥር 18 ነው። ክረምት ላይ የምትወልዱ ከዚህ የበለጠ ጊዜ አስቡ።

ፍራሹን ከሌላ ሱቅ ነው ያስቆረጥኩት፤ እዚያ ተጎድቻለሁ። ወርዱን 60 ብያቸው 55 ቆረጡት፤ በአልጋውና በፍራሹ መካከል የእጄ ሦስት ጣት ገባ። ከሁለት ጣት በላይ ካስገባ የሕፃን ፊት የሚገባበት ሸለቆ ነው፤ ይህን በልጄ አይቼዋለሁ። “በልክ የተቆረጠ አይመለስም” አሉኝ። ልኩን ያጠፉት እነሱ መሆናቸውን ብናገርም የሚሰማኝ አላገኘሁም። ሌላ አስቆረጥኩ፤ 2,800 ብር ድጋሚ ወጣ። እናንተ ልኩን በወረቀት ጽፋችሁ፣ አስፈርማችሁ ስጡ። ስፖንጁ ጠንከር ያለ ይሁን፤ በመዳፋችሁ ስትጫኑት ወዲያው ተመልሶ ካልተነሣ ለሕፃን አይሆንም። ልባሱን እኔ ሰፋሁት፤ ዚፑ ከሥር ነው፣ ሦስት ቅያሪ አለው።

እናቴ ከዳባት የመጣችው በዚሁ ሰሞን ነው፤ ለአራስ ቤት የሚሆን ቂቤ፣ የገንፎ ገብስና አብሽ ይዛ። አልጋውን ስታይ ዝም አለች። ቡና ላይ ነው የተናገረችው። “ልጅ ከእናቱ ብብት ወጥቶ ሳጥን ውስጥ? ሌሊት ቢበርደውስ?” አለችኝ። እማዬ አምስት ልጅ በብብቷ አሳድጋለች፤ የምትናገረው ከፍቅር ነው። እኔም ያን ሌሊት ልጄን ከግድግዳው ሥር እንዴት እንዳወጣኋት ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። እስከዚያ ቀን ደብቄያት ነበር። ስኒውን አስቀመጠች። ጥቂት ቆይታ “ታዲያ ከአልጋሽ ጋር አጋጥሚው፤ እጅሽ ይድረስ” አለች። አጋጠምኩት፤ አዋላጇም ቢያንስ እስከ 6 ወር ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል፣ በራሱ መኝታ፣ በጀርባው ይተኛ ነው የምትለው። ስለ ብርዱም ብርድ ልብስ ከመከመር እኛ ከምንለብሰው አንድ ድርብ ብቻ ጨምሪለት ብላናለች።

በማግስቱ አልጋውን ሳነጥፍ ከፍራሹ ሥር ትንሽ ቢላ አገኘሁ። አራስና ሕፃን ያለ ብረት አይተኙም፤ የእናቶቻችን ወግ ነው። ወጉን አልጣልኩትም፣ ስለቱን ግን እዚያ አልተውኩትም። ትልቁን የስፌት መቀሴን አሳየኋት፤ እዚያው ክፍል፣ ቁልፍ ባለው የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው። “እሱም ብረት ነው” ብላ ተስማማች። ዓይን እንዳይገባውም አልጋውን በነጠላዋ ሸፍናዋለች፤ ሕፃኑ እስኪመጣ ድረስ ይሸፈን፤ ሲመጣ ይነሣል።

የቀረው የቤቱ ዝግጅት አጭር ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ክዳን ያለው በርሜልና 6 ጀሪካን ሞልተናል። የከሰል ምድጃው ወደ በረንዳ ወጥቷል፤ ቡናም እዚያው ይፈላል፤ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፣ አራስ ቤት ሙቀት ይፈልጋል ተብሎ በዚህ ስንቱ ቤት ሐዘን ገባ። ቂቤው ለእኔ ገንፎ ነው፤ ሕፃኑ አይልሰውም። እንገሩ ሳይፈስ ይጠባል፣ እስከ 6 ወርም ከጡት ሌላ ውሃ እንኳ አይቀምስም። በዚህ እማዬም እኔም ተስማምተናል።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለእንጨቱና ለእጃቸው ከ10 9 እሰጣለሁ፤ ለቀጠሮ አያያዛቸው 4። ጥንካሬውን ለማየት 12 ኪሎ ዱቄት ከነከረጢቱ አስተኝቼ ራስጌውን ይዤ ነቀነቅኩት፤ አልተንጫጫም። ጠቅላላ ወጪዬ ከተጨመረው ዘንግ ጋር 12,100 ብር ነው፤ ተሸካሚና ሁለት ጊዜ የተገዛው ፍራሽ ለብቻው። በአገር እንጨት፣ በእጅ ለተሠራ፣ ልጅ ሲያድግ ለሌላ ልጅ ለሚተርፍ ሥራ ዋጋው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የምታሠሩ ከሆነ ሦስት ወር ሲቀራችሁ እዘዙ፤ የዘንጉን ክፍተት በወረቀት አጽፉ፤ ቫርኒሽ ሳይነካው ሄዳችሁ እዩት።

ርክክብ ዕለት ጋሼ ከአልጋው ጋር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጥተው ነበር። አራቱ ጉልላቶች ናቸው፤ አንድ የዋንዛ ጣውላ ላይ በመስመር አቁመው የልብስ መስቀያ ሠርተውባቸዋል። ሒሳብ ስጠይቃቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከአልጋው ራቅ አድርገው በስፌት መኪናዬ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ እሳቸው ራሳቸው ሰቀሉልኝ። እማዬ ወደ ሐኪም ቤት የምንወስደውን ቦርሳ መስኮት ባላት ላይ አንጠልጥላዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ የቡሎን መፍቻውን ልቀበል ወደ ሥራ ቤታቸው ሄጄ ነበር። የገበር ጨርቄ ከመሮዎቹ ጎን ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ክሩ በብዙ ቦታ ተመዝዟል። አዘዞ ላሉ መንታ ለሚጠብቁ ባልና ሚስት ሁለት አልጋ ጀምረዋል። ዘንጎቹን ቆጠርኩ፤ በየጎኑ 12 ናቸው።